ከነጠላ ጫፍ የተፈታ ክኒን

(በደብረ ማርቆስ፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ባልደረቦች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌሊት ተነስቶ የመጣን ሰው በረጅም ንግግር መቅጣት ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ስለማንጽፈው ነገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ቆሜ አንዲት እናት መጡ። እግራቸው አብጧል። ፊታቸውም ነፋ ብሏል። «እማማ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ያለውን ክኒን ሁሉ ዘረገፉት። «ይኸው ልጄ፣ አንተው እየው» አሉኝ።

አየሁት። ኢናላፕሪል፣ ከጤና ጣቢያ፣ ለደም ግፊት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ያ የሚያሸናው ክኒን፣ ከሆስፒታል፣ እሱም ለደም ግፊት። ዳይክሎፌናክ፣ በገበያ ቀን ከመድኃኒት ቤት፣ ለጉልበታቸው። ዳይክሎፌናኩን መቼ መቼ እንደሚወስዱት ጠየቅኳቸው።

«ሲያመኝ ነዋ።»

«መቼ ያምዎታል?»

«መች የማያመኝ ቀን አለ!»

ሦስቱም ለየብቻ ሲታዩ ጥፋት የለባቸውም። ሦስቱን የሰጡት ባለሙያዎችም ሥራቸውን ነው የሠሩት። አንድ ነጠላ ጫፍ ላይ ሲቋጠሩ ግን ኩላሊት ላይ ያብሩበታል። የሚያሸናው የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል። ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ወንፊት ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠባል። ኢናላፕሪል ደግሞ የሚያስወጣውን ሥር ያሰፋል። ወንፊቱ ላይ ግፊት ይጠፋል፤ ማጣራት ያቅተዋል። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ይህን ተምራችኋል። እሳቸው ግን ሦስት በር አንኳኩተው፣ ሦስቱም ጋ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ያላቸው አልነበረም።

ዳይክሎፌናኩን አስቆምኳቸው። ወደ ሐኪም መርቼ ኩላሊታቸው ታየ። ከሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጎድሎላቸው መጡና መረቁኝ። ደስ አለኝ። መድኃኒት ያደረሰው ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበትን ቢጫ ቅጽ ግን አልሞላሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር... ሰበብ መቼም አይጠፋም።

እኛ ጥናት ሲባል የሚታየን ሌላ ነገር ነው። 384 ነው የሚታየን፤ ያ በየመመረቂያ ጥናቱ የሚደጋገመው የናሙና ቁጥር። ይኸው ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ገብቷቸዋል። 384 ሲደመር መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ፣ 422 ሰው። መጠይቅ ይታተማል። ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ተግባር ይጠየቃል። እንመረቃለን። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። መጠይቁ የተሞላበት ጤና ጣቢያ ግን ውጤቱን አያየውም። በሌላ ሰው እየፈረድኩ አይደለም። የእኔም ጥራዝ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

ሌላ ዓይነት ጥናት ደግሞ እዚሁ ጎጃም ተሠርቷል። አነደድ ወረዳ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በዝሆኔ የተቸገሩ 696 ሰዎች ነበሩ። ትንኝ የሚያመጣው ሳይሆን፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ዝሆኔ ነው። በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እግሩን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ወዲያው ጀመረ። ሌላው ወገን ዓመቱን ጠብቆ ያንኑ እንዲያገኝ ተደረገ። የተቆጠረው እግሩ በድንገት ግሎ፣ አብጦ፣ ሰውየውን በትኩሳት የሚጥልበት ጊዜ ነው። የጠበቁት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ታመመ። የጀመሩት 19.4 ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል።

23.9 ማለት በየአሥራ አምስት ቀኑ አልጋ መያዝ ማለት ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር። «እግሩን ያመዋል» እንል ነበር እንጂ ስንቴ ብለን አልጠየቅንም። የወረደው አራት ጊዜ ተኩል ደግሞ ትንሽ የሚመስለው ሞፈር ላልጨበጠ ሰው ነው። በክረምት፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን፣ አንዷ ቀን ስንት እንደምታወጣ ገበሬውን ጠይቁት። መድኃኒቱ ደግሞ ሳሙናና ጫማ ነው።

ወደ መድኃኒት ደኅንነት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ዓለምን አስደነገጠ። ሲፀነሱ ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ከነበሩ እናቶች 426 ወሊድ ተቆጥሮ፣ አራቱ ሕፃናት የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ተገኘባቸው። መረጃው የተገኘው ከቦትስዋና ነው። አዋላጆች የተወለደውን ሕፃን ሁሉ እያዩ ይመዘግቡ ስለነበር ነው የታወቀው። ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን እንዳያገኙ ተደረገ። አዋላጆቹ ግን መመዝገባቸውን አላቆሙም። በዓመቱ 1,683 ወሊድ ተቆጥሮ ችግሩ የተገኘው በአምስቱ ላይ ሆነ። ወደ 1 በመቶ የተጠጋው ቁጥር ወደ 0.3 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ለሴቶችም ጭምር ተመራጭ አለው። ያስፈራውም መዝገብ፣ ያረጋጋውም ያው መዝገብ ነው። ማዋለጃ ክፍል ያለ መዝገብ! እኛስ መዝገብ አጣን?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የመድኃኒት ክትትል መርሐ ግብር የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ቢጫው ቅጽ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ታማሚው፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የደረሰው ጉዳት፣ ጻፊው። አራቱ ካሉ ሪፖርት ነው። የታማሚው ሙሉ ስም አይጻፍም። እርግጠኛ መሆንም አያስፈልግም፤ መጠርጠር ይበቃል። «ብጽፍ በራሴ ላይ መመስከር አይሆንም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሆንም። የጎንዮሽ ጉዳት የባለሙያ ጥፋት አይደለም።

ሌላው ሰበብ «ይኼማ የታወቀ ነው» የሚለው ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ አዎ። ታዲያ ግፊት ያለበት ሰውዬ በሳል ሲመላለስ አንዴ ሽሮፕ፣ አንዴ አሞክሳሲሊን፣ አንዴ የአክታ ምርመራ የሚታዘዝለት ለምንድን ነው? የሚያስለው ነገር ኪሱ ውስጥ ነው ያለው።

ዘንድሮ አብረን እናጥናው የምለውን ጥያቄ ከሩቅ አላመጣሁትም። ዐቢይ ጾም ደርሷል። ግሊበንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ክኒኑን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። ያየው ሰው ጠጥቷል ይላል። ሌላው ደግሞ የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይውጣል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድም። እምቢ የሚለው ሰውየው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ምክር የንስሐ አባቱ ቃል ይሰማል፤ ስለዚህ እነሱን ሳናማክር ብንጀምር ልፋት ነው። በ55 ቀን ውስጥ በየድንገተኛ ክፍላችን ስንት ሰው በዚህ ምክንያት እንደገባ ከመዝገብ እንቁጠር። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የነበረውን 55 ቀንም እንቁጠርና እናስተያየው። 422 መጠይቅ አይፈልግም። እስክሪብቶ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ቅጾች ተቀምጠዋል። ቡናው ሲቀርብ አንድ አንድ አንሱ። ከላይ ያለው የተሞላው የእኔ ነው። የእኚያ እናት ነው። ቀኑን በግምት ነው የጻፍኩት። የዳይክሎፌናኩ ባች ቁጥር፣ ማሸጊያው ላይ የሚታተመው የምርት ቁጥር፣ የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው። ማሸጊያው ያን ቀን እጄ ላይ ነበር።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው አቅራቢ ወደ መድረክ ይምጣልን።