የውሃ አባቱ ልጅ የፖፑን ደብዳቤ ሲያነብ

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ መብራትም የለም፣ በስልክ ነው የምቀዳው፣ ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ቻሉት። ያው ደብረ ማርቆስ ነኝ።

ባለፈው አንድ አድማጭ "የማስተርስ ቴሲስህን በምን ላይ ነው የሰራኸው?" ብሎ ጽፎልኛል። እውነቱን ለመናገር ይቺን ጥያቄ ሁሌ ነው የምሸሻት። መልሱ የካቶሊክ ማህበራዊና ፖለቲካዊ አስተሳሰብ ነዋ! እስቲ ጎጃም ውስጥ ልቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ይሄን ተናገሩ። "ምነው ካቶሊክ ሆንክ እንዴ?" አልሆንኩም። ተዋህዶ ቤት ነው ያደግኩት፣ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ጾሙንም እንደምንም እጾማለሁ። ግን ሰዉንም አልፈርድበትም፣ እዚህ ካቶሊክ ሲባል የሚመጣው ሱስንዮስ ነው። በፈረንጅ 1622 ካቶሊክ ሆነ፣ ስንት ደም ፈሰሰ፣ በ1632 "ፋሲል ይንገስ ሃይማኖት ይመለስ" ተብሎ አለቀ፣ የኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ማለቴ ነው፣ ፍርስራሽ ግን መርጡለ ማርያም ላይ ዛሬም ቆሟል። አራት መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ለኛ ሰው ግን ትናንት ነው።

የተማርኩት የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ፖለቲካል ሳይንስ። ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደማልጠራ አሁን ይገባችኋል። ይሄን ርዕስ ይዤ አድቫይዘሬ ጋ ስገባ ቀና ብሎም አላየኝ፣ "ይሄ ቲዎሎጂ ነው፣ ሴሚናሪ ግባ" አለኝ። ሁለት ወር ተመላለስኩ። በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሰብሲዲያሪቲ የሚባለው የካቶሊኮቹ መርህ፣ ምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፣ የአውሮፓ ህብረት የማስትሪክት ስምምነት ውስጥ በ1992 ገብቷል ብዬ አሳየሁት፣ ያኔ መነጽሩን አደረገ! በፖፕ ስም እምቢ ያለውን በአውሮፓ ህብረት ስም በአስር ደቂቃ ፈረመልኝ። ሃሳቡ ያው አንድ ነው እኮ።

አሁን ሃሳቡ ምንድነው? መጀመሪያ በ1891 ፖፕ ሊዮ 13ኛ ሬሩም ኖቫሩም የሚባል ደብዳቤ ጻፉ፣ ኢንሳይክሊካል ነው የሚሉት፣ ስለ ፋብሪካ ሰራተኞች። ሶሻሊዝምን ይቃወማል፣ የግል ንብረት መብት ነው ይላል፣ ግን እዛው ላይ አሰሪውንም አይለቀውም፤ ሰራተኛው ቸግሮት በትንሽ ደሞዝ ስለተስማማ ብቻ ደሞዙ ፍትሃዊ አይሆንም ይላል። ይሄን ያነበብኩት ጠዋት ነበር፣ ከሰዓት ወደ ገበያ ስወርድ የቀን ሰራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ከቆሙበት ሳይቀጠሩ እየተበተኑ ነበር፣ ጠዋት እዛው ጋ አንዱ "በስንት ትሄዳለህ?" ሲባል "በሰጣችሁኝ" ሲል ሰምቼው አልፌያለሁ። ተስማማ እንግዲህ! ደሞ አመቱን ልብ በሉት፣ 1891 እኛ ጋ ክፉ ቀን ነው፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚችው ከተማ ተቀምጠው ጎጃምን ሲገዙ ከብት አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። እዛ ስለ ደሞዝ ይጻፋል፣ እዚህ የሚያርስ በሬ የለም።

ሰብሲዲያሪቲ ጎልቶ የወጣው በአርባኛው አመት ነው፣ 1931፣ ፒዮስ 11ኛ በጻፉት ላይ። ባጭሩ፣ ትንሹ ማህበር ራሱ መስራት የሚችለውን ነገር ትልቁ ቀምቶ መስራት በደል ነው ይላል። ይቺን አንቀጽ ሳነብ አባቴ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

አባቴ የውሃ አባት ነበር። የማታውቁ ካላችሁ፣ በበጋ ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ በየቦዩ ለገበሬው ተራ የሚሰጥ ማለት ነው፣ ሰው መርጦት፣ ያለ ደሞዝ። ሰዓት አልነበረውም። ቆም ብሎ ጥላውን በእግሩ ይለካል፣ ተረከዝ ከጣት፣ ተረከዝ ከጣት፣ "ያንተ አልቋል፣ ዝጋ" ሲል ማንም አይከራከረውም፣ ቦዩ በሳርና በጭቃ ይደፈንና ውሃው ወደሚቀጥለው ድንች ይዞራል። ቦይ ጠረጋ ሲሆን ያልወጣ ሰው ተራውን ያጣል። ኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ ተባለ፣ ማህተም መጣ፣ መዝገብ መጣ፣ አባቴን "እናመሰግናለን" አሉት። በሁለተኛው አመት ጠረጋ የሚወጣ ሰው ጠፋ፣ ቦዩን ደለል ዋጠው። እኔ ይሄን ቻፕተር አራት አደረግኩት፣ በጣም ኮርቼበት።

ቃሉን ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ስንት ተሰቃየሁ። ሰብሲዲየም ላቲን ነው፣ እርዳታ ማለት ነው፣ ግን በሮማ ጦር ውስጥ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀው ረዳት ሰልፍ ነው፣ የፊተኛው ሲደክም የሚገባው። እኔ የአባይን በረሃ በአውቶብስ እየወጣሁ፣ "ደጀን ወራጅ አለ!" ሲባል እኮ ነው የበራልኝ። ደጀን! የላይኛው ለታችኛው ደጀን ይሁነው እንጂ ቦታውን አይንጠቀው። በቃ ይኸው ነው።

ዲፌንስ ላይ አንዱ ኤግዛሚነር "ፋሺስት ሲወረን እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ?" አለኝ። ልክ ነው። የፒዮስ ደብዳቤ በወጣ በአራት አመቱ ነው ጣሊያን የመጣው፣ የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር ጥቅምት 1935 ካቴድራላቸው ውስጥ ቆመው ወረራውን ባርከዋል። እኔም ቴሲሱ ውስጥ ጽፌዋለሁ፣ አልደበቅኩም። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ መማሬን የወደድኩት እዛ ጋ ነው፣ ሹስተርንም አንቀጹንም አንድ ገጽ ላይ አስቀምጬ "አታምጣው" ያለኝ የለም፣ ቤተሰብ ጋ ቢሆን አንቀጹን፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ሹስተርን ተው እባል ነበር መሰለኝ። ኤግዛሚነሩ ግን ማርኩን ቀንሶታል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዛ በፊት ግን፣ ድራፍቱን ይዤ አገር ቤት ገባሁና ማታ እሳት ዳር ቻፕተር አራትን በአማርኛ እየመለስኩ ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ደስ ብሎታል፣ ያስታውቃል። እናቴ ቡና እየቆላች "አንተ ልጅ፣ የሴቶቹን ተራም ጽፈኸዋል?" አለችኝ። "የምን ተራ?" አልኳት። ባል የሞተባቸው ሴቶች ተራ ሁልጊዜ ሌሊት ነበር የሚደርሰው፣ ጥላ በሌለበት፣ ጅብ በሚጮህበት፣ ጎረቤታችን ልጇን አዝላ በፋኖስ ነበር የምታጠጣው። ለማን ይከሰሳል? ዳኛው የውሃ አባቱ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ፣ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ ገፋ አደረገ። "እሱስ እውነቷን ነው" አለ።

ቻፕተር አራትን እንደገና ጻፍኩት። ስልኬ ስምንት ፐርሰንት ብሏል፣ በሉ ደህና እደሩ።