105 ወይስ ዱራ-ኤስ? የኮርሳ ብስክሌት ዕቃ አመራረጥ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ለኮርሳ ብስክሌት መካከለኛው ደረጃ ዕቃ (የማርሽና የፍሬን ዕቃ ስብስብ፣ ለምሳሌ የሺማኖ ኩባንያ 105) ይበቃል ወይስ ጨምሮ ከፍተኛውን፣ ዱራ-ኤስን፣ መግዛት ያዋጣል? ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፣ መልሶቹን ግን አልቆረጥናቸውም።

ከአዲስ አበባ፣ አያት፦ የመጀመሪያዬን ኮርሳ ልገዛ ነው። ፍሬማቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አንደኛው በ105፣ ሌላኛው በአልቴግራ የተገጠመ ሁለት ብስክሌት ቀርቦልኛል። ለአልቴግራው የምጨምረው ገንዘብ ያዋጣኛል?

አያዋጣዎትም፣ 105ቱን ይግዙ። የሺማኖ የኮርሳ ዕቃ ደረጃ ከታች ሲጀምር ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ-ኤስ እያለ ይወጣል። ከክላሪስ እስከ 105 አንድ ደረጃ በወጡ ቁጥር የኋላው ማርሽ ይጨምራል፤ 8፣ 9፣ 10፣ ከዚያ 11 (በአዲሱ የ105 ትውልድ 12)። ከ105 በላይ ግን የማርሹ ብዛት ያው ነው፣ አሠራሩም ያው ነው። የሚለወጠው ዕቃው የተሠራበት ነገር ነው፤ ብረት የነበረው ጥርስ ወደ ቲታኒየም፣ አሉሚኒየም የነበረው እጀታ (ማርሽ የሚቀየርበትና ፍሬን የሚያዝበት) ወደ ካርቦን ይሄዳል።

ባለ 11 ማርሹን ትውልድ፣ ማለትም አር7000 (105) እና አር8000ን (አልቴግራ) ብንወስድ፣ በ105 እና በአልቴግራ መካከል ያለው የሙሉ ዕቃ ክብደት ልዩነት 200 ግራም ግድም ነው። እስከ ዱራ-ኤስ ቢሄዱ ግማሽ ኪሎ ግድም ይቀንሳል። እርስዎና ብስክሌትዎ ተደምራችሁ 80 ኪሎ ብትመዝኑ ግማሽ ኪሎ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ነው። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት 10 ሰከንድ ገደማ ያተርፋል፤ 200 ግራሙ 4 ሰከንድ። ሜዳ ላይ ጨርሶ አይታወቅም።

የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላይ ያውሉት። አዲስ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ርካሽ፣ ደረቅ ጎማ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንዲህ ያለ ጎማና ደህና የውድድር ጎማ የፊትና የኋላው ተደምሮ ከ10 እስከ 20 ዋት ይለያያሉ። አንድ ደህና ልምምድ ያለው ሰው ለረጅም ሰዓት የሚያወጣው ኃይል 200 ዋት ግድም መሆኑን ካሰቡ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ የትኛውም ካምቢዮ (ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የሚያዛውረው ዕቃ) አይሰጥዎትም። ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንደሚተርፍ ይለኩ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ70 እስከ 75 ፒ.ኤስ.አይ የአየር ግፊት ይበቃል፣ የኋላው ትንሽ ከፍ ይበል። ጎሚስታ ጋ ድንጋይ እስኪሆን ማስነፋት እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ ኮረኮንች በበዛበት መንገድ ግን የደደረ ጎማ ይነጥራል፣ ፍጥነትዎንም እዚያው ይበላዋል።

ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፦ እንጦጦ ስወጣ ጉልበቴ ይያዛል። ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ነው ያለኝ። ቀለል ያለ ከፍተኛ ደረጃ ዕቃ ብገጥም ይሻለኛል?

ችግርዎ ክብደት አይደለም፣ የጥርስ ቁጥር ነው። በ34 እና በ28 በደቂቃ 70 ዙር ቢረግጡ ፍጥነትዎ በሰዓት 10.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 8 በመቶ ዳገት ላይ 80 ኪሎ ይዞ በዚህ ፍጥነት መውጣት 200 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ያ ኃይል ከሌለዎት የሚቀንሰው ዙሩ ነው፤ 50 እና 45 ዙር ላይ ሲወርዱ ጫናው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። የኋላውን ትልቁን ጥርስ 34 ቢያደርጉት በዚያው 70 ዙር 8.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፣ የሚፈለገውም 165 ዋት ግድም ይሆናል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን አይርሱ። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት የሚያወጣው ኃይል ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ በሚነዱ ሰዎች ልክ የተመረጠ ማርሽ እኛ ጋ ይከብዳል።

ለመቀየር መጀመሪያ የኋላ ካምቢዮዎን ጀርባ ይመልከቱ። ባለ አጭር ክንዱ፣ ኤስኤስ የሚባለው፣ ከ30 ጥርስ በላይ አይሸከምም። ረጅሙ፣ ጂኤስ፣ በአር7000 እና በአር8000 ትውልድ እስከ 34 ይሄዳል። ካሴቱ (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ባለ 11 ማርሽ ኤችጂ800 የሚባለው ከሆነ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ በባለ 11 የኮርሳ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ከጀርባው 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበቱ ከተረሳ መቆለፊያው እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ካሴቱ ይወዛወዛል፣ ማርሹም በአንዱ ተስተካክሎ በሌላው ይስታል።

ካቴናውም (ሰንሰለቱ) መርዘም አለበት። የድሮውን ቁመት ይዞ ትልቁን ከትልቁ ያገናኘ ሰው ካምቢዮውን ፍሬሙ ላይ ከሚታሰርበት ማንጠልጠያ ጋር ሊገነጥለው ይችላል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ካቴናውን በካምቢዮው ውስጥ ሳያሳልፉ ከፊቱ ትልቅና ከኋላው ትልቅ ጥርስ ላይ ይጠምጥሙ፣ ጫፎቹ ከሚገናኙበት ላይ ሁለት ዓይን ይጨምሩ።

ከመቀሌ፦ 105 ነው ያለኝ። ወደ ትንሹ ጥርስ ስቀይር ያመነታል፣ አንዳንዴም ሁለት ይዘላል። ጠጋኙ ዕቃው አርጅቷል፣ ደረጃውን ከፍ አድርግ ይለኛል።

ገንዘብዎን ይያዙ። በባለ 11 የሺማኖ ዕቃ ላይ ይህ ምልክት ሲታይ ዘጠና በመቶ ጥፋተኛው ኬብል ነው ማለት ይቻላል፤ አልቴግራም ዱራ-ኤስም እንዲሁ ያደርጋሉ። በእነዚህ ትውልዶች ኬብሉ እጀታው ውስጥ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል። በተቀየረ ቁጥር እዚያው ቦታ እየተጣጠፈ ቀጫጭን ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

ለማየት ማርሹን እስከ መጨረሻው ወደ ትንሹ ጥርስ ያውርዱ፣ የእጀታውን ላስቲክ ገልብጡና የኬብሉ ጭንቅላት የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በባትሪ ይመልከቱ። አንድ ክር እንኳ ተነጥሎ ከቆመ ኬብሉ አልቋል። እጀታውን አሁንም አሁንም አይጫኑ፤ የተበጠሱት ክሮች ጥርሶቹ ውስጥ ከተጠቀለሉ ማውጣቱ አድካሚ ነው፣ እጀታውም ሊበላሽ ይችላል። አዲሱ 1.2 ሚሊ ሜትር የማርሽ ኬብል ይሁን፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ብሎን ከ6 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ። በየዓመቱ፣ ብዙ የሚነዳ ደግሞ በየ4,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሳይበጠስ ቢቀይረው ይሻላል።

የውጭ ሽፋኑንም ይፈትሹ። የፍሬን ሽፋን 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ነው፤ ሲሳብ ይጨመቃል። የማርሽ ሽፋን 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ ቀጥ ብለው የተሰደሩ ሽቦዎች አሉት፣ አይጨመቅም። የማርሽ ሽፋን ሲጠፋ በፍሬን ሽፋን መተካት ይታያል፤ እንዲህ ከሆነ ማርሹ መቼም ቢሆን ልክ አይገባም። ሲቆርጡት ጫፉ ቀጥ ያለ ይሁን፣ የተደፈነውን የውስጥ ፕላስቲክም በመርፌ ይክፈቱት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ከኋላ ቆመው ይመልከቱ። የካምቢዮው ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ከጥርሱ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ማንጠልጠያው ታጥፏል። ብስክሌቱ አንድ ጊዜ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ለዚህ በቂ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ያገለገለ አልቴግራ አር8000 ያለው ብስክሌት ገዝቼ አዲስ አበባ ላለ የእህቴ ልጅ ልልክለት ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በፊት የፔዳሉን ክንድ። ሺማኖ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ባለ 11 ማርሽ የአልቴግራና የዱራ-ኤስ ክንዶች እንዲመረመሩ ጥሪ አድርጓል። ምክንያቱ ክንዱ ከሁለት ቁራጭ አሉሚኒየም ተጣብቆ ውስጡ ክፍት ሆኖ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ማጣበቂያው ሊለቅና ክንዱ ሊከፈት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ጥሪው 680,000 ገደማ ክንዶችን ይመለከታል። ሞዴሎቹ ኤፍሲ-6800፣ ኤፍሲ-አር8000፣ ኤፍሲ-9000፣ ኤፍሲ-አር9100 እና ኤፍሲ-አር9100-ፒ ሲሆኑ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. በፊት የተመረቱት ናቸው። 105 ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የምርት ኮዱ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሁለት የላቲን ፊደል ተጽፏል። ምርመራው እዚያው አሜሪካ ባሉ የሺማኖ ነጋዴዎች ዘንድ በነጻ ይደረጋል፤ የመለያየት ምልክት ከተገኘም ክንዱ ይተካል። ይህን ብስክሌቱ እርስዎ እጅ እያለ ይጨርሱት፤ አንዴ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ልጁ ዕድሉን አያገኘውም። ራስዎም መገጣጠሚያውን በአልኮል ጠርገው በጥፍርዎ ይሂዱበት፤ ስንጥቅ፣ ከፍታ ወይም ሲረገጥ የሚንጫጫ ድምፅ ካለ አይነዳ።

ቀጥሎ ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ። ከአንዱ ፒን መሐል ተነስቶ 24 ዓይን ተቆጥሮ እስከሚገኘው ፒን መሐል ያለው ርቀት አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። በባለ 11 ማርሽ 306.3 ከደረሰ ካቴናው ይቀየር። ካለፈ ካሴቱንም ሳይበላው አልቀረም፤ አዲስ ካቴና ሲገጠም ጥርስ ላይ የሚዘል ከሆነ ካሴቱም ይወጣል።

አብረው የሚላኩት፦ ሁለት ካቴና ከነመጋጠሚያቸው፣ አንድ ካሴት፣ ሦስት የማርሽ ኬብልና 2 ሜትር ሽፋን፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ የፔዳሉ መሐል ኩሽኔታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት የካምቢዮ ማንጠልጠያ። ማንጠልጠያ ፍሬም በፍሬም ይለያያል፤ ሌላው ዕቃ ተፈልጎ ቢገኝም የዚያ ፍሬም ማንጠልጠያ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ያጠራጥራል። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ከሆነ የሺማኖ ማዕድን ዘይት አንድ ጠርሙስ ይጨምሩ። የመኪና ፍሬን ዘይት ከተጨመረበት የውስጥ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ያበቃለታል፤ ይህን ለልጁ ደጋግመው ይንገሩት።

ከዱባይ፦ በረሃው ውስጥ ባለው በአል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ነው የምነዳው። 105 ዲአይቱ (በኤሌክትሪክ የሚቀየረውን) ልውሰድ ወይስ አልቴግራ ዲአይቱ?

105። ሁለቱም ባለ 12 ማርሽ ናቸው፣ ሁለቱም እጀታቸው ያለ ሽቦ ይሠራል፣ የክብደት ልዩነታቸው ከ300 ግራም ያንሳል። አልቴግራው በእጀታው አናት ላይ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ አለው፤ የብስክሌት ኮምፒውተር ገጽ በእሱ የማይቀይሩ ከሆነ አይናፍቅዎትም።

እርስዎ ጋ የሚወስነው አሸዋው ነው። እርጥብ ዘይት የተቀባ ካቴና አሸዋውን ይይዝና እንደ ሞረድ ጥርሱን ይፈገፍጋል፤ ስለዚህ ካቴናና ካሴት ከሌላው ሰው ቶሎ ቶሎ ይገዛሉ። የዱራ-ኤስ ባለ 12 ካሴት ዋጋው የ105ቱ ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም የዱራ-ኤስ ትልልቆቹ ጥርሶች ቲታኒየም ስለሆኑ ከብረቱ ቀድመው ያልቃሉ።

ዘይቱን በሰም ይተኩት። አዲሱን ካቴና የፋብሪካ ቅባቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በነጭ ጋዝ፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል ያጥቡና ያድርቁት። የፓራፊን ሰም በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ፤ በቀጥታ እሳት ላይ በጭራሽ አይጣድ፣ ይቀጣጠላል። ካቴናውን ነክረው አረፋ መስጠቱ እስኪያቆም ያነቃንቁት፣ ሰሙ ቀዝቀዝ ሲል አውጥተው ይስቀሉት። በየ300 ኪሎ ሜትሩ ይደገም።

ከባሕር ዳር፦ ታዲያ ዱራ-ኤስ ለማን ነው?

በሰከንድ ለሚሸነፍና ለሚያሸንፍ ተወዳዳሪ፣ ያለቀውን ዕቃ ቡድኑ ለሚተካለት። ፍሬም፣ ቸርኬና ጎማ ሁሉ ተሟልቶ የሚቀር ገንዘብ ያለው ሰውም ቢገዛው ደስ ይለዋል፤ አቀያየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ሥራውም ውብ ነው። ግን ባለ 12ቱ ዱራ-ኤስና አልቴግራ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጡ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የወጡት። በ2023 እ.ኤ.አ. ባለ ኬብል ሆኖ የመጣው ባለ 12 የሺማኖ ኮርሳ ዕቃ 105 ነው። በካቻቢቴና በአለን ቁልፍ ሊጠገን የሚችል አዲስ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሦስቱ የሚቀርለት እሱው ነው።

ከሐዋሳ፦ ቲያግራ 4700 አለኝ። የኋላ ካምቢዮውን ብቻ በ105 ብቀይር ባለ 11 ይሆንልኛል?

አይሆንም። የማርሹን ብዛት የሚቆጥረው እጀታው እንጂ ካምቢዮው አይደለም። 4700 ኬብሉን የሚስብበት ልክ ከባለ 11ዱ ጋር ስለሚገጥም የ105 ካምቢዮ ተገጥሞ ይሠራል፣ ግን ባለ 10 ሆኖ። ወደ 11 ለመሄድ እጀታ፣ ካሴትና ካቴና ይቀየራሉ፤ ካሴቱ ኤችጂ800 ካልሆነ በቀር ቸርኬውም ባለ 11 የሚቀበል መሆን አለበት፣ የድሮው የካሴት መቀመጫ በ1.85 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ዋጋውን ደምረው ይዩት፤ ቲያግራው ካልተበላሸ ግን ካቴናና ኬብል ቀይረው ይንዱት።