«ፕሩቭ» ከማለታችን በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ናችሁና ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

በማነባቸው ረቂቆች ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በዝቶብኛል፦ «ፕሩቭ»፣ ማለትም «በማያጠራጥር ሁኔታ አረጋገጠ»። መጠይቅ ይበተናል፣ ግማሹ ተሞልቶ ይመለሳል፣ ውጤቱ በሚጻፍበት ምዕራፍ አራት ላይ ጥናቱ «ፕሩቭ» አደረገ ይባላል። የለም፣ አላደረገም! የዚያ መረጃ አቅሙ «ሰጀስት»፣ ማለትም «ጠቆመ» እስከማለት ድረስ ነው።

በአማርኛ እኮ ይህን አሳምረን እናውቀዋለን። «ጠቆመኝ» እና «አረጋገጠልኝ» የሚምታታበት ሰው የለም። እንግሊዝኛ ላይ የሚያሳስተን ተመሳሳይ ቃላትን ከዝርዝር ማንሳታችን ነው። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 ያሳተመው ዝነኛ የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ እንኳ ቃላቱን በሐሳብ ሰበሰበ እንጂ እኩል ናቸው አላለም።

አንድ ሰው ትኩሳት ያዘው እንበል። ትኩሳቱ ወባን «ሰጀስት» ያደርጋል። ታይፎይድም ሊሆን ይችላላ! ሰውየው ወባ ካለበት ቆላ በቅርቡ ከተመለሰና ብርድ ብርድ ካለው፣ ምልክቶቹ ተደምረው ወባን «ኢንዲኬት» ያደርጋሉ፣ ጠንከር አድርገው ያመለክታሉ ብንል ያስኬዳል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይታ ተውሳኩን ስታገኘው ግን ምርመራው «ሾው» አደረገ፣ «ኮንፈርም» አደረገ፣ ማለትም አሳየ፣ አረጋገጠ እንላለን። በሽታው ያው ነው። የተለወጠው በእጃችን ያለው ማስረጃ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ዲኖት»፣ ማለትም «ወከለ»፣ ለምልክትና ለቀመር ይሁን፤ ኤን የምትባለው ፊደል የናሙናውን ብዛት «ዲኖት» ታደርጋለች። «ሲግናል» ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ሲያነሳ «ሲግናል» ይሰጣል፣ ጭስ ግን እሳት መኖሩን «ኢንዲኬት» ያደርጋል። «ኢምፕላይ» የሚያደርገው፣ ማለትም በተዘዋዋሪ የሚናገረው፣ ተናጋሪው ወይም ጽሑፉ ነው፤ አንባቢው «ኢንፈር» ያደርጋል፣ ማለትም ከተነገረው ተነስቶ ይደመድማል። በስታቲስቲክስ «ሲግኒፊካንት» የተባለ፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል ውጤት ደግሞ የግድ ትልቅ ውጤት ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህቺን አትርሱ።

ይህን ሁሉ የምለው ለእንግሊዝኛው ማማር ብዬ አይደለም። ነገ ጽሑፋችሁን አንድ የጤና ባለሙያ ያነበዋል። «ፕሩቭ» የሚለውን አምኖ መድኃኒት ሊያዝ፣ በጀት ሊመድብበት ይችላል። ያላየነውን አየን ካልን የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፣ በሽተኛውም ነው።

አሁን ምዕራፍ አራታችሁን አውጡ። ከእነዚህ ግሶች ያገኛችሁትን በእርሳስ አስምሩበት፣ ከጎኑ ማስረጃችሁን ጻፉ። እየዞርኩ አያለሁ። የከበደው ሰው እጁን ያውጣ።