የራሳችሁን ቁጥር እዩ

(የጠመንጃ ተኩስ ቡድኑ ለውድድር ወደ ውጭ አገር ከመጓዙ በፊት በሽኝቱ ምሽት አሰልጣኙ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ለጉዞው ያዋጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እናንተም ተጓዦች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከበሩ ተነስቼ እዚህ መድረክ ላይ እስክደርስ አራት ሰዎች «ስንት ሜዳሊያ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ፈገግ እያልኩ አለፍኳቸው። አሁን ማይክሮፎን ይዤ መሸሽ አይቻልምና ልመልስ፤ ሜዳሊያ ቃል አልገባም። ቃል የምገባው ስምንት ጠመንጃ ይዘን እንደምንሄድና ስምንቱንም በየቁጥራቸው እንደምንመልስ ነው። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በመጀመሪያው ጉዟችን የጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃዱን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። በአንዱ ጠመንጃ ቁጥር ላይ ስምንትን ስድስት አድርጌ ጻፍኩ። የጉምሩኩ ሰው ሳጥኑን አስከፍቶ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ከወረቀቱ ጋር አስተያየና ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገው። ተቆጥቶ አይደለም፤ በትሕትና ነው ያደረገው። እውነቱም ከእርሱ ጋር ነበር፤ በወረቀቱ መሠረት ያ ጠመንጃ የእኛ አልነበረም። ጉዳዩ እስኪስተካከል መሸ። የልምምዱ ሰዓት አለፈና የጠመንጃው ባለቤት በማግሥቱ ሜዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ ተወዳደረች። እርሷ ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እየሳቀችብኝ ነው፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

አንዲት እናት ደግሞ «ጥይቱን እዚያው ብትገዙ አይቀልም?» ብለውኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ50 ሜትር የሚተኩሱት ልጆች ጥይታቸውን የሚመርጡት ከራሳቸው አፈሙዝ ጋር እየሞከሩ ነው። ፋብሪካው አንድ፣ የካርቶኑ ቀለም አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ምርት ምቶች በአንዱ ጠመንጃ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ በሌላው ይበተናሉ። ስለዚህ የተሞከረውን ይዘን እንሄዳለን። በአውሮፕላን ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው ደግሞ ከነማሸጊያው 5 ኪሎ ግራም ነው፤ የሁለት ሰው ድርሻ በአንድ እሽግ መደባለቅ አይቻልም። ጓደኛችሁ ቦታ ጠበበኝ ቢላችሁ አዝናችሁ እምቢ በሉት።

አሁን ስለ ውጤት። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አሥር የምታሰጠው ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ እርሷን መፈለግ ነው። ቆሞ፣ ያለ ድጋፍ፣ የራስን የልብ ምት በትከሻ እየሰሙ። እንቅልፉ የተዛባበት፣ የማያውቀው ትራስ ላይ ያደረ ሰው በቤቱ ሜዳ የሚያመጣውን ነጥብ በመጀመሪያው ቀን ባያመጣ አይግረማችሁ። በ50 ሜትር ደግሞ ነፋስ ይጨመራል። የቤታችንን ነፋስ እንደ ጎረቤት እናውቀዋለን፤ መቼ እንደሚነሳ፣ በየትኛው ጥግ ዞሮ እንደሚመጣ። የሰው አገር ነፋስ ግን እንግዳ ነው። በሜዳው የተተከሉትን የነፋስ ባንዲራዎች እያዩ ጠባዩን መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት አይታችሁ ማታ አትደውሉ። ከደወላችሁም ስለ እራት ጠይቁ።

እናንተ ተኳሾች ደግሞ ይህን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ ተውሶ በያዘው ጠመንጃ በ50 ሜትር በደረት ተኝቶ የመተኮስ ውድድርን አሸንፎ ወርቅ ወስዶ ነበር። ቀጥሎም በሦስት አቋም፣ ማለትም ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ በሚተኮስበት ውድድር ፍጻሜ ላይ እየመራ ወደ መጨረሻው ጥይት ደረሰ። መካከለኛ ምት እንኳ ይበቃው ነበር። ተኮሰ፤ መታም። ግን የመታው የጎረቤቱን ዒላማ ነበር። ዜሮ ተመዘገበለትና ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ወርቁ ለቻይናዊው ጂያ ጃንቦ ሆነ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኑም አልደከመም፤ ከዒላማው በላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሳያይ ቀረ። እኔ በቅጹ ላይ ስድስት ስጽፍ የሠራሁት ጥፋት የዚያው ዘመድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥይት፣ ለስልሳኛውም ጭምር፣ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ከዚያ የዒላማውን ጥቁር ክብ እዩ። በዚህ ነገር ሳሰለቻችሁ ሰንብቻለሁ፤ አሁንም አሰለቻችኋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ክፍል የምታድሩት ጓደኛሞች በማግሥቱ ተፎካካሪዎች ናችሁ። ይህን ደብቆ ማለፍ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላኒ ባሻምና ማርጋሬት መርዶክ ለአንድ አገር ተሰልፈው፣ ወንድና ሴት በአንድነት በሚወዳደሩበት ጊዜ፣ እኩል 1162 ነጥብ አመጡ። በመለያው ደንብ ወርቁ ለእርሱ፣ ብሩ ለእርሷ ሆነ። መዝሙሩ ሲዘመር ባሻም እጇን ይዞ ከጎኑ ወደ ላይኛው መደብ አወጣት። ደንቡን አልሻረም፣ ሜዳሊያውንም አልሰጣትም። ቦታ ሰጣት። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚያስጨንቅ ውጤት የሚገጥማችሁ ካለ በደስታ እጨነቃለሁ።

ሌላው የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ባጭሩ። በሆቴል ክፍል ጠመንጃ ከሳጥኑ አይወጣም፣ ያለ ጥይት ለመለማመድም ቢሆን። የተኩስ ጃኬታችሁን ውፍረት ዛሬ ማታ ደግሜ እለካለሁ፤ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ካለ እዚሁ ይታወቅ፣ ከፈታሾቹ ፊት አይደለም።

ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። የአየር ሲሊንደሮቻችሁ ባዶ ይሁኑ፣ ሳጥኖቹ ክፍት ይሁኑ። እያንዳንዳችሁ የጠመንጃችሁን ቁጥር ከብረቱ ላይ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ። እኔ ከወረቀቱ ላይ እከተላለሁ፤ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ደግሞ እኔን ትከተለኛለች። ቅጹን ዘንድሮ የሞላችው እርሷ ናት።