ብሪታንያውያን የካንትሪ ሙዚቃን እንዴት ያደምጣሉ?

ክቡራትና ክቡራን፤ በለንደን የምትኖሩ ወገኖቼና የሙዚቃ ወዳጆች፤

ይህን መድረክ ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው በአሜሪካ ተወልዶ ባሕር ስለተሻገረ አንድ የሙዚቃ ዓይነትና በዚህ አገር ስለጠበቀው አድማጭ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

በዚህ አገር ካንትሪ ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፈገግታ የተቀላቀለበት አስተያየት ነው። ኮፍያው፣ ቡትስ ጫማው፣ ስለ ፈረስና ስለ ጭነት መኪና የሚዘፈነው ዘፈን ለብሪታንያ ሰው ምኑ ነው ይባላል። ጋዜጦችም በየጥቂት ዓመቱ ካንትሪ አሁን ገና ብሪታንያ ገባ እያሉ እንደ አዲስ ነገር ይጽፋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የብሪታንያ ሕዝብ ካንትሪን ሲያደምጥ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ያደመጠውም በራሱ መንገድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለግጥሙና ግጥሙ ለሚተርከው ታሪክ ጆሮውን ሰጥቶ ነው። ይህ አድማጭ የሚገባውን ያህል አልተከበረም ብዬ አምናለሁ፤ ለመናገር የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ማስረጃውን ከሽያጭ ሰንጠረዡ እንጀምር። በ1955 ስሊም ዊትማን የተባለው አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ለ11 ተከታታይ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ይህን ክብረ ወሰን እስከ 1991 ድረስ የሰበረው አልነበረም። ጂም ሪቭስ በ1964 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቢትልሶች በገነኑበት በዚያው በ1966፣ ዘፈኑ ለአምስት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ያው ዓመት ሳያልቅ የዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ቶም ጆንስ፣ የትውልድ መንደሩን በሕልሙ ስለሚያይ የሞት ፍርደኛ የሚተርክ የካንትሪ ዘፈን ይዞ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆነ። ታሚ ዋይኔት በ1975፣ ኬኒ ሮጀርስ በ1977 እዚያው ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ሸክላ የገዛው ተራው ሕዝብ ነው።

የመረጣቸውን ሰዎች ልብ በሉልኝ። ስሊም ዊትማን፣ ጂም ሪቭስ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ዶን ዊሊያምስ በለስላሳ ድምፅ፣ ሳይጮኹና ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱ ቃል እየተለየ እንዲሰማ አድርገው የሚዘፍኑ ናቸው። ዶን ዊሊያምስ በ1976 በብሪታንያ ትልቅ ተወዳጅነት ያገኘበት ዘፈን በአገሩ በእርሱ ድምፅ ለሬዲዮ ነጠላ ዜማ ሆኖ እንኳ አልወጣም ነበር። በአንጻሩ በአሜሪካ ስታዲየሞችን ያጥለቀለቀው ጋርዝ ብሩክስ፣ በጎረቤት አየርላንድ በ2022 ክሮክ ፓርክ የተባለውን ትልቅ ስታዲየም ለአምስት ምሽቶች ሲሞላ፣ በብሪታንያ ግን በአገሩ የነበረውን ስፍራ አግኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ይህ አድማጭ ከአሜሪካ የተላከለትን ሁሉ ሳያጣራ የሚቀበል አልነበረም። የራሱ ምርጫ ነበረው። እነዚህን ሦስት አራት ስሞች ስጠራ ከመካከላችሁ ብዙዎች ፈገግ እንዳላችሁ አያለሁ፤ ጂም ሪቭስንና ዶን ዊሊያምስን፣ ኬኒ ሮጀርስንም አዲስ አበባ ሳለን በካሴት ሰምተናቸዋልና። ቃሉ የሚሰማ፣ ሐዘኑ የማይጮህ ዘፈን እኛም ወደነዋል።

የብሪታንያ ሰው ለታሪክ ነጋሪ ዘፈን ያለው ጆሮ ከካንትሪ ሙዚቃ በፊት የነበረ ነው። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል ፒፕስ በጥር 1666 አንዲት ተዋናይት ስለ ባርባራ አለን የሚተርከውን የስኮትላንድ ዘፈን ስትዘፍን ሰምቶ መደሰቱን ጽፏል። ከ250 ዓመት በኋላ፣ በ1916 እና በ1918 መካከል፣ የእንግሊዝ የባህል ዘፈን ሰብሳቢ የነበረው ሴሲል ሻርፕ ከረዳቱ ከሞድ ካርፔለስ ጋር በአሜሪካ ወዳሉት የአፓላቺያ ተራሮች ሄዶ ያንኑ ዘፈንና ሌሎች ብዙ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ዘፈኖችን በገበሬዎች አንደበት አገኛቸው። ካንትሪ ሙዚቃ ከእነዚህ ተራሮች ብዙ ወስዷል። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ባንጆ የተባለው የክር መሣሪያ፣ የጥቁሮች ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙርም እኩል መሠረቱ ናቸው፤ ይህን መዘንጋት ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል። ሆኖም የግላስጎው ወይም የኒውካስል ሰው ካንትሪን ሲሰማ አንድ ነገሩ የሚያውቀው የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሙዚቃው ወደዚህ የተመለሰው በወታደርና በመርከበኛ እጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ አሜሪካውያን ወታደሮች በዚህ አገር ሰፍረው ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያቸውም ሙዚቃቸውም አብሯቸው መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በኒውዮርክ መስመር የሚሠሩ የሊቨርፑል መርከበኞች በአገሩ ገበያ የማይገኘውን ሸክላ በሻንጣቸው ያመጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ሊቨርፑል ቢትልሶች ከመታወቃቸው በፊት ብዙ የካንትሪ ባንዶች ነበሯት፤ የቢትልሶች ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታርም በ1965 የአሜሪካዊውን የካንትሪ ዘፋኝ የባክ ኦውንስን ዘፈን በቢትልሶች አልበም ላይ ሲጫወት ከልጅነቱ የሚወደውን ሙዚቃ መጫወቱ ነበር።

ከ1969 ጀምሮ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በዌምብሌይ ይካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ የካንትሪ ፌስቲቫል የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል የሆነችውን የናሽቪልን ታላላቅ ዘፋኞች ለሃያ ዓመታት ያህል ወደዚህ አገር ሲያመጣ ኖሯል። በግላስጎው ጎቫን መንገድ ላይ በቀድሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ የተከፈተው ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የካንትሪ ክበብ ከ1974 ጀምሮ አለ። በእነዚህ ክበቦች ሰዎች እንደ ካውቦይ ለብሰው ይመጣሉ፤ በሰልፍ ይጨፍራሉ፤ ቢንጎ ይጫወታሉ፤ በባዶ ጥይት ሽጉጥ የመምዘዝ ውድድርም ያደርጋሉ። የሚመጡት የመርከብ ግንባታ ሠራተኞች፣ አውቶቡስ ነጂዎች፣ ነርሶችና ጡረተኞች ናቸው። የማኅበራዊ ጉዳይ ተንታኞች እነርሱን ማንነታቸውን ረስተው ሌላ ሰው ለመምሰል የሚሞክሩ አድርገው ሲገልጿቸው ኖረዋል።

እኔ እዚህ ላይ የማየው ሙዚቃን በመናቅ ስም የተገለጸ የመደብ ንቀት ነው። ለኦፔራ ካባ ደርቦ የሚሄደውን ሰው ማንም አልሳቀበትም። ሳምንቱን በመርከብ ግንባታ ሲደክም ሰንብቶ ቅዳሜ ማታ ባለ ጥልፍ ሸሚዝ ለብሶ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ትዳር መፍረስና ስለ እናት ሞት የሚዘፈን ዘፈን የሚሰማ ሰው ግን መሳለቂያ ሆነ። ከሰባዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የመርከብ መሥሪያዎቹ ሲዘጉ፣ ስለ ተዘጋ ፋብሪካና ስለ ባዶ ኪስ የሚዘፍነው ሙዚቃ ለዚያ ሰው የራሱ ኑሮ ነበር። ይህን ስል ጥፋታቸውን ለመሸፈን አይደለም። በብዙዎቹ ክበቦች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የአገሪቱ ደቡባዊ ግዛቶች ለባርነት ሲሉ የተዋጉበት ባንዲራ እንደ ጌጥ ተሰቅሎ ኖሯል። ሰቃዮቹ ክፋት አላሰብንም ቢሉም፣ በበሩ ለሚገባ ጥቁር ሰው ያ ጨርቅ ምን እንደሚነግረው መጠየቅ ነበረባቸው። ሙዚቃው ያለ ጥቁር ሕዝብ የማይኖር መሆኑን ላወቀ ሰው ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። በመጋቢት 2013 በለንደን ኦቱ አሬና ካንትሪ ቱ ካንትሪ የተባለው ፌስቲቫል በቲም ማግሮውና በኬሪ አንደርውድ ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ደብሊንና ወደ ግላስጎው ሰፋ። ፌስቲቫሉን የምወድለት ዋና ምክንያት የዘፈን ደራሲዎቹ መድረክ ነው። መድረኩ ላይ ወንበሮች በሰልፍ ይቀመጣሉ፤ ከበሮ የለም፣ የሚንቦገቦግ መብራት የለም። ደራሲዎቹ ጊታራቸውን አቅፈው ይቀመጡና ተራ በተራ ዘፈኑን ምን እንዳስጻፋቸው ይናገራሉ፤ ከዚያ ይዘፍናሉ። አንዱ ሲዘፍን ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ በለስላሳው ይደርብለታል። ታዳሚው አያወራም። መጠጥ ሊገዛ የተነሳ ሰው እንኳ ዘፈኑ እስኪያልቅ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የመጨረሻው የጊታር ክር ድምፅ ሲጠፋ ጭብጨባው ይፈነዳል።

ከናሽቪል የሚመጡ ዘፋኞች በቃለ ምልልሶቻቸው ይህን ዝምታ ደጋግመው ያነሱታል። መጀመሪያ ሲያጋጥማቸው ሕዝቡ ያልወደዳቸው መስሏቸው ይደነግጣሉ። በአገራቸው ሰው በዘፈን መሃል ይጮኻል፣ ያወራል፣ ይጠጣል፤ ፍቅሩንም የሚገልጸው በዚያው ነው። ናሽቪል ውስጥ ለደራሲዎች እንዲህ ጸጥ የሚባልበት ስፍራ ብሉበርድ ካፌ ሲሆን፣ የሚይዘው 90 ያህል ሰው ብቻ ነው። በለንደን ግን ያ ጸጥታ በሺዎች በሚቆጠር ሰው መካከል ይገኛል። ሁለተኛው የሚያስገርማቸው ነገር ደግሞ ታዳሚው በሬዲዮ ተሰምተው የማያውቁትን፣ በአልበሙ መጨረሻ ላይ የተቀመጡትን ዘፈኖች ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አብሮ መዝፈኑ ነው።

ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው። በአሜሪካ ቀኑን ሙሉ ካንትሪ ብቻ የሚያጫውቱ ከሺህ በላይ ጣቢያዎች አሉ፤ ስለዚህ የአሜሪካ አድማጭ መኪናው ውስጥ ሳይፈልገው የሚደርሰው ጥቂት ተደጋጋሚ ዘፈን ነው። የብሪታንያ አድማጭ ለረጅም ዘመን የነበረው በቢቢሲ ሬዲዮ 2 በሳምንት አንዴ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነበር፤ ከ1999 ጀምሮ ቦብ ሃሪስ ያቀርበው የነበረው ይህ ፕሮግራም የብዙዎች ትምህርት ቤት ሆኗል። ከዚህ ውጭ ያለውን አድማጩ ራሱ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። አልበሙን ገዝቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማው፤ የደራሲውን ስም በሽፋኑ ላይ አነበበ። እጥረቱ ጆሮውን ሳለው ማለት ይቻላል።

የሙዚቃ ኩባንያዎች ግን ይህን አድማጭ ብዙ ጊዜ አላመኑትም። የካናዳዊቷ ዘፋኝ የሻኒያ ትዌይን ዝነኛ አልበም ወደ አውሮፓ ሲመጣ ቫዮሊኑና ስቲል ጊታሩ ተቀንሰውለት ወደ ፖፕ ተጠግቶ እንደገና ተዘጋጀ፤ በ1999 በብሪታንያ አንደኛ ሆነ፤ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ። ኩባንያዎቹ ከዚህ የተማሩት የብሪታንያ ሰው ካንትሪን የሚወደው ካንትሪነቱ ሲደበቅለት ነው የሚል ነበር። የተሳሳተ ትምህርት ይመስለኛል። አሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን በ2014 በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ባንጆዋንና የልጅነት ድህነቷን ታሪክ ምንም ሳትደብቅ ስትቀርብ፣ ጭቃ ውስጥ የቆመው ያ ሁሉ ሕዝብ አብሯት ዘፍኗል። ቢዮንሴም በ2024 በባንጆ የሚጀምር ዘፈን ይዛ በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆናለች።

የቀረኝ አንድ ቅሬታ ነው፤ እርሱም ለኩባንያዎች ሳይሆን ለራሱ ለአድማጩ ነው። ይህ በትዕግሥት የሚያደምጥ ሕዝብ በአገሩ ልጅ ላይ ሲሆን ይጠራጠራል። ከቴክሳስ የመጣው ዘፋኝ ስለ ገጠር ኑሮ ሲዘፍን ይታመናል፤ ከሃምፕሸር ወይም ከቤድፎርድሸር የተነሳው ሲዘፍን ግን አስመሳይ ነው ይባላል። ዘ ሻየርስ በ2015 ከብሪታንያ የካንትሪ ቡድኖች የመጀመሪያው ሆነው በአልበም ሰንጠረዥ አሥረኛ ሲወጡ፣ መንትያዎቹ የዋርድ ቶማስ እህትማማቾች ደግሞ በ2016 አንደኛ ሲሆኑ ጥርጣሬው ላላ እንጂ አልጠፋም። በብሪስቶል አካባቢ ያደገችው ጥቁር ብሪታንያዊት ዮላ በአገሯ ለዓመታት ከሰው ጀርባ ስትዘፍን ኖራ፣ በ2019 አልበሟን ናሽቪል ሄዳ ከአሜሪካዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ከዳን አውርባክ ጋር ካወጣችና በአራት ዘርፎች ለግራሚ ከታጨች በኋላ ነው ብዙዎቹ የአገሯ ሰዎች ስሟን የሰሙት። እንዲህ ያለ ድምፅ በአጠገባቸው ሳለ ውቅያኖስ ተሻግሮ እስኪመሰከርለት መጠበቃቸው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከመካከላችሁ በመጪው መጋቢት ወደ ኦቱ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ትልቁ መድረክ እስኪከፈት ቀን ላይ በየመተላለፊያው ባሉት ትንንሽ መድረኮች ላይ የሚጫወቱትን የዚህን አገር ልጆች ቆማችሁ እንድታዳምጧቸው እለምናችኋለሁ። ስለ ዌልስ ሸለቆ፣ ስለ ሰሜን እንግሊዝ አውራ ጎዳናና ስለ ስኮትላንድ ደሴቶች የሚዘፍኑ አሉ። ጥያቄ ያላችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።