መድኃኒቱስ ተገኘ፣ የታክሲውስ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። የመኪና ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ። ተክለሃይማኖት ነው ያለሁት፤ መስኮቱን ዘጋሁትም አልዘጋሁትም ያው ነው።

ስለ ካንሰር ወጪ ላወራ ነው። አክስቴ ጡቷን ታማ ከደሴ መጥታ፣ እኛ ቤት ተቀምጣ ነበር ጥቁር አንበሳ የምትታከመው። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን፤ ክትትል ላይ ነች። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። እኛ ለታመመ ሰው ማዋጣት እናውቅበታለን። ችግሩ፣ የምናዋጣው አንዴ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቴሌብር ይላካል፣ «አይዞሽ» ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ። ካንሰር ደግሞ ገንዘብ የሚጨርሰው ቀስ እያለ ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ኬሞ፣ ማለትም በዙር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይታያል። ነጭ የደም ሴል ከቀነሰ «ደምሽ ወርዷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ይባላል። ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ በዚያ አቅም መድኃኒቱን መስጠት ለኢንፌክሽን ማጋለጥ ነው። ግን የመጓጓዣው ብር ወጥቷል። አልጋ ቤት ይዞ ለሚታከም ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ኪራይ፣ ሌላ ምግብ ተጨመረ ማለት ነው። ይሄን ወጪ ማን አስቦት ያዋጣል?

ከጥቁር አንበሳ እኛ ሰፈር ለጤነኛ ሰው የእግር መንገድ ነው። ኬሞ ወስዶ ለወጣ ግን አይሞከርም። ሚኒባስ ደጁ ላይ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል። አክስቴን የነዳጁ ሽታ ብቻ ያስመልሳት ነበር። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ በሌላ እጇ ፌስታል ይዛ ትቆማለች። ፌስታሉ ውስጥ የባዮፕሲ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የደም ምርመራዎች፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ «ምናልባት» ብላ የያዘችው ባዶ ፌስታል አለ። ስለዚህ ኮንትራት ታክሲ። ለዚያች ለማትረባ መንገድ።

መድኃኒት ላይ ብዙ አልቆይም። ሆስፒታሉ ውስጥ ካለ ጥሩ። ከሌለ ፍለጋ ነው። የከተማ አስተዳደሩን ከነማ መድኃኒት ቤቶች ጠይቁ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለውን የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤትም ጠይቁ፤ እነሱ ጋ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰልፉን ከቻላችሁት። ያንኑ መድኃኒት የግል መድኃኒት ቤቶች በተለያየ ዋጋ ስለሚሸጡት የመጀመሪያው ቤት ላይ ኪሳችሁን አታራግፉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ሪፈሯን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ካልጠበቃችሁ መድኑ ይቸግራል። መታደሱም በየዓመቱ ነው፤ ምዝገባው የራሱ ወቅት ስላለው ታሞ መሮጥ ብዙ አያዋጣም።

የጨረር ሕክምና ላይ ልምጣ። ጨረር ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ነው። በቀን የሚፈጀው ደቂቃ ነው፤ ነገ ግን ተመልሶ መምጣት ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች ቢጀምሩም አዲስ አበባ ዘመድ ሳይኖረው የሚመጣ ሰው አሁንም ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነው ማረፊያ ከመድኃኒት እኩል የሚሆነው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ማረፊያ፣ ምግብና መጓጓዣ እያገዘ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል። ለልጆች ደግሞ ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ አለ። ሰው ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሐኪም ወረቀት መያዝ አትርሱ።

አሁን አስታማሚዋ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለታማሚው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ለአስታማሚስ? ከባድ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያለ ክፍያ፣ በዓመት ከ2 ጊዜ ያልበለጠ። የጨረርን ሳምንታት ከዚህ ጋር አስተያዩት። እናቷን ያስታመመችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ደሴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ተቀጥራ ሳይሆን በሠራችው ልክ። ለሷ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ያልሠራችበት ቀን ያልተበላ ቀን ነው። ለእናትየው ሲዋጣ ለሷ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

በጣም የጠቀመን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ትልቅ ብር የላከው አይደለም። አንድ ጎረቤታችን «የኬሞ ቀን የታክሲው በኔ ነው» አለች፣ አለቀ። በየዙሩ ማታ ማታ ትልክልናለች። መለመን የለ፣ ማስታወስ የለ። ሌላው ጠያቂ ብርቱካን ተሸክሞ ይመጣል፤ እየሳለም የሚመጣ አለ! ደሟ የወረደ ሰው ቤት።

ይሄን ይዤ ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ካንሰር የታመመ አባል ሲኖር በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይሰጠው፣ ሲሞት ከሚከፈለው ላይ ተቀንሶም ቢሆን፣ አልኩ። ዳኛው «ልጄ፣ ያዋጣነው ለቀብር ነው፣ መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም» አሉኝ። አንዲት እናት ከኋላ «ታዲያ ደንቡን ማን ጻፈው? እኛው አይደለን?» ብለው ቤቱን አሳቁት። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል። የእናንተ እድር ለታመመ የሚሰጥ ከሆነ እንዴት እንደሚሠራ ጻፉልኝ፤ ባዶ እጄን አልግባ።