ከመቃጠል ወደ መቀማጠል፦ መዝሙር 37ን ከታክሲ መስታወት አውርደን ስናነበው

ሀ፦ «በእግዚአብሔር ደስ ይበልህ፥ የልብህንም መሻት ይሰጥሃል።» ታክሲ መስታወት ላይ አለች፣ ግድግዳ ላይ አለች፣ የሠርግ ካርድ ላይም አለች። ብዙ ሰው ግን ከኋላዋ ነው የሚያነባት። መሻቱን ቀድሞ ይዟል፤ ደስታውን እንደ አገልግሎት ክፍያ ይቆጥረዋል።

ለ፦ «ይኸው ዘመርኩ፣ አመሰገንኩ፤ ታዲያ ቪዛው የታለ?»

ሀ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ።

ለ፦ መዝሙሩ ደግሞ የሚጀምረው በደስታ አይደለም። ቁጥር 1 «አትቅና» ይላል። 7 ላይ ይደግመዋል፣ 8 ላይ ይሠልሰዋል። በዕብራይስጡ ሦስቱም ቦታ ያለው ግስ መጋልን፣ መቃጠልን ያሳያል። የሚመከረው እንግዲህ ጎረቤቱ በተንኮል ሲበለጽግ እያየ አንጀቱ የሚያርር ሰው ነው።

ሀ፦ ለዚያ ለሚያርር ሰው ነው ቁጥር 4 የመጣለት። «ደስ ይበልህ» የተባለው በዕብራይስጥ «ሂትዓናግ» ነው። ተራ ደስታ አይደለም። ዘዳግም 28፥56 ላይ ከምቾቷ ብዛት እግሯን መሬት ማስነካት የማትደፍር ሴት አለች፤ እዚያ የገባው ግስ ይኸው ነው። እኛ ቅምጥል የምንላት ዓይነት።

ለ፦ «በእግዚአብሔር ተቀማጠል» ማለት ነዋ!

ሀ፦ ከመቃጠል ወደ መቀማጠል። (ሳቅ)

ለ፦ ግሱ ቁጥር 11 ላይ ደግሞ ይመለሳል። ገሮች ምድርን ይወርሳሉ፣ «በብዙም ሰላም ደስ ይላቸዋል»። ጌታ በተራራው ስብከት ያነሣት ቁጥር ናት፣ ማቴዎስ 5፥5። ቁጥር 4 ላይ መሻቱ ምን እንደሆነ አልተነገረም፤ 11 ላይ ስንደርስ ሰላም ሆኖ እናገኘዋለን። ሰውዬው መጀመሪያ የጎመጀው የጎረቤቱን ሀብት ነበር።

ሀ፦ እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ፈላጊው ልብ እንዴት ነው የሚገራው?

ለ፦ አንድ ወረቀት ይበቃል። የምትለምነውን አንድ ነገር ጻፍ፤ አሥር አይደለም፣ አንድ። «ቤት መሥራት» እንበል። ከሥሩ «ለምን?» ብለህ መልስ፤ ከመልሱ ሥር እንደገና፤ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው መልስ «ኪራይ ሰለቸኝ» ይሆናል፣ እውነት ነው። ሁለተኛው «አከራይ ደጃፍ ላይ ቆሜ መለማመጥ አልፈልግም» ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ይቆማል፤ «ታናሽ እህቴ ስለሠራች» ይመጣል።

ሀ፦ ቁጥር 1!

ለ፦ አዎ። እዚያ ስትደርስ ልመናውን አትሰርዘው። ቤት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ሦስቱንም መልስ እንዳሉ ይዘህ ጸልይ፤ የኪራዩን ለብቻ፣ የክብሩን ለብቻ፣ የቅናቱን ለብቻ። ሰው የሚሳሳተው ቅናቱን ደብቆ ቤቱን ብቻ ሲያቀርብ ነው። ያዕቆብ 4፥3 በምቾታችሁ ልትከፍሉት በክፉ ትለምናላችሁ ያለው ይህን ነው።

ሀ፦ ጾምም እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር ፍትወት ለነባቢት (ለምታስበው) ነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። ትታዘዝ፣ ልብ በይ። ፈላጊነት ራሱ ይጥፋ ማለት አይደለም።

ለ፦ በተግባር ግን የረቡዕና የዓርብ ጾም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው አይደለም፤ ከዘጠኝ በኋላ ነው። በያይነቱ፣ ከዚያ የጾም ኬክ፣ ከዚያ የጾም ማኪያቶ። ሥጋው ቀርቷል፣ ጉምጀታው ግን ቦታ ነው የቀየረው። እኔን ብትጠይቀኝ የጾም ኬክ ከቅቤ ቂጣ ይብሳል።

ሀ፦ ተቆጣሽ! ሌላው ስህተት በጾሙ የተረፈው ብር ለድሀ ሳይሰጥ ኪስ ውስጥ መቅረቱ ነው። የቁርሱንና የማኪያቶውን ዋጋ ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጡ፣ ለይቶ በሌላ ኪስ ማድረግ ነው። ማታ እሰጣለሁ ከተባለ ይረሳል። ኢሳይያስ 58 ጾምን ሲገልጽ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል፤ ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ያ «ሂትዓናግ» የሚለው ግስ ይመጣል፣ «በእግዚአብሔር ደስ ይልሃል»። መቀማጠሉ እንጀራው ከተቆረሰ በኋላ ነው የመጣው።

ለ፦ ስኳር ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ሳይነጋገሩ ሰዓት አይግፉ።

ሀ፦ «ሁሉን አደረግሁ፣ ደስታው ግን አልተሰማኝም» ለሚልስ?

ለ፦ ስሜቱን ማሳደዱን ይተው። መዝሙር 42 ላይ ሰውዬው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንደገና ይጠይቃል፤ 43 ላይ ሦስተኛ ይጠይቃል። ማንም አልገሠጸውም። ዕንባቆም ምዕራፍ 3 ላይ በለሱ ሳያፈራ፣ በረቱ ባዶ ሳለ ነው ደስ ይለኛል ያለው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። «እምነትህ አንሶ ነው» እያሉ ሰው ላይ ሸክም መጨመር ተገቢ አይደለም።

ሀ፦ ለንባቡ የዳዊቱ አከፋፈል ይመቻል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60። የእኛ መዝሙር በግእዙ ቁጥር 36 ስለሆነ ማክሰኞ ላይ ይውላል።

ለ፦ ለጀማሪ በቀን ሦስት ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር፣ ይከብዳል። ይህን አንዱን ብቻ በየማክሰኞው ያንብብ፤ 40 ቁጥር ነው፣ ድምፅ ተሰምቶ ሲነበብ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

ሀ፦ ማክሰኞ ካመለጠውስ?

ለ፦ ረቡዕ ላይ አይደርብ። የሚቀጥለውን ማክሰኞ ይጠብቅ።